ከቆቃ ግድብ እስከ አዳማ ነፋስ፦ የስምጥ ሸለቆው የኤሌክትሪክ ታሪክ

ከሞጆ አንዱ መንገድ ወደ አዳማ፣ ሌላው በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚዘልቅበት የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ፣ ውሃ፣ ነፋስና የከርሰ ምድር ሙቀት ሦስቱም ኤሌክትሪክ የሚያመነጩበት አካባቢ ሲሆን፣ ለዚህ መነሻው የመሬቱ አፈጣጠር ነው። የምድር ቅርፊት እየተለያየ መሃሉ በመስመጡ የአዋሽ ወንዝ ከደጋው ወደ ሸለቆው የሚወርድበት ቁልቁለት ተፈጥሯል፤ የቀለጠ ዐለት ወደ ላይ ቀርቦ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያግላል፤ በአዳማ ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎችም ነፋሱን ያለከልካይ ይቀበላሉ።

ሦስቱ ምንጮች የየራሳቸው ጠባይ ቢኖራቸውም ሁሉም በመጨረሻ የሚሠሩት ዘንግ ማዞር ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ያደርጋል፤ ጄኔሬተር የሚባለው መሣሪያም ይህንኑ ያለማቋረጥ ያከናውናል። መሣሪያው ግን ኃይል አይፈጥርም፤ ኃይል፣ ማለትም ሥራ የመሥራት አቅም፣ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ይለወጣል እንጂ ከምንም አይገኝም። በሽቦው ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ የራሱን መግነጢሳዊ መስክ ስለሚፈጥርና ይህ መስክ የማግኔቱን መዞር ስለሚቃወም፣ በየቤቱ ብዙ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ዘንጉን ማዞር እየከበደ ይሄዳል። የአካባቢው የኤሌክትሪክ ታሪክ ይህን ተቃውሞ የሚያሸንፍ ጉልበት የመፈለግ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቅድሚያ የተገኘው ጉልበት የምድር ስበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ ከረጅም ድርድር በኋላ ከተገኘው ካሳ በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራና 43.2 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። ከግድቡ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ ከፍታ ላይ በመገኘቱ ብቻ የሚይዘው አቅም እምቅ ኃይል ይባላል። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ አንድ ሜትር ኩብ ወይም 1,000 ሊትር ውሃ 40 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 392,000 ጁል ገደማ ነው፤ አንድ ጁል አንድ ዋት በአንድ ሰከንድ የሚፈጀው ኃይል በመሆኑ፣ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከግድቡ ጀርባ ሰፊ ሐይቅ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ሐይቁ የሸፈነው ሜዳ ግን የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ስለነበር፣ የከተሞቹ ብርሃን ዋጋ በእነርሱ ላይ ወድቋል፤ የግድቡ ታሪክ ሲነገር ይህ ሊታለፍ አይገባም።

ከቆቃ የተለቀቀው ውሃ ገና የሚወርደው ቁልቁለት ስለነበረው፣ ከግድቡ በታች አዋሽ ሁለት እ.ኤ.አ. በ1966፣ አዋሽ ሦስት ደግሞ በ1971 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ተደርገው ተሠሩ። አንድ ውሃ በሦስት ጣቢያ ተራ በተራ ዘንግ የሚያዞርበት ይህ አሠራር፣ አገሪቱ ካከናወነቻቸው የምህንድስና ሥራዎች መካከል ከሚገባው በታች የተወሳ ነው። በየክረምቱ ከደጋው እርሻ ታጥቦ የሚመጣው ደለል ግን የሐይቁን ይዞታ እያጠበበ፣ ሦስቱም የሚካፈሉትን ውሃ ቀንሷል።

ከውሃ ቀጥሎ የተሞከረው የከርሰ ምድር ሙቀት (ጂኦተርማል) ነበር። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው የአሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ እስከ 2,500 ሜትር የሚጠልቁ ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተቆፍረው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ተገኘባቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተተከለው 7 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ የአገሪቱ የመጀመሪያ የጂኦተርማል ጣቢያ ቢሆንም፣ በብልሽት ምክንያት ለዓመታት ቆሞ ነበር።

ነፋስ የመጣው በመጨረሻ ነው። አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት በ2015 በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ተመረቁ። የነፋስ ኃይል የሚገኘው ከአየሩ እንቅስቃሴ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በመሆኑም የቦታ መረጣ ከሁሉ ይቀድማል። በአዳማ አንድ የቆሙት፣ ጎልድዊንድ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ተርባይኖች 77 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ የሚዞሩ ሦስት ክንፎች አሏቸው፤ ክንፎቹ በደቂቃ 20 ዙር እንኳ ስለማይሞሉ በብዙዎቹ ተርባይኖች ፍጥነትን የሚያበዛ ጥርሳማ ማርሽ ይገባል፤ በእነዚህ ግን ማርሽ የለም። በእሱ ፈንታ፣ መግነጢሳቸው የማይለቅ ብዙ ማግኔቶች የተደረደሩበት ትልቅ ቀለበት ከክንፎቹ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ዙሩ ቢዘገይም በእያንዳንዱ የሽቦ ጥቅል አጠገብ የሚያልፈው ማግኔት ብዙ ነው። ነፋስ እንደ ውሃ ተገድቦ አይቀመጥም፤ ሆኖም በበጋ፣ ወንዞች በሚጎድሉበት ወቅት ስለሚበረታ፣ ያኔ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ የግድቦቹን ውሃ ያቆጥባል።

ኤሌክትሪክ በሸለቆው የሚያልፈውን ባቡርም ለውጧል። የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር በአዳማ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የሚሳበው በእንፋሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ከመንገዱ በላይ ከተዘረጋ 25,000 ቮልት ሽቦ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ በሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥ የጄኔሬተሩ ሥራ ተገልብጦ፣ በሽቦ ጥቅል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሚፈጥረው መግነጢሳዊ ጉልበት ዘንጉን እያዞረ ባቡሩን ከሸለቆው ወደ ደጋው ያወጣዋል።