መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው?

አንድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች አጠገብ ተቀምጠን ነበር። አንዱ የድሮ ኢሕአፓ፣ ሌላው የድሮ መኢሶን፤ ግን የአንድ ሰፈር ልጆች። ከመሀላችን አንዱ (አፉን የማይሰበስብ አለን) «ለመሆኑ ጋሼ፣ መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም እኩል መለሱ። መልሳቸው ግን አልገጠመም።

ከዚያ ወዲህ ስናነብ ከረምን። ኢሕአፓና መኢሶን ጠላት ሆነው አልጀመሩም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው፣ አውሮፓና አሜሪካ በተማሪ ማኅበራት ስብሰባ ሲከራከር የሚያድረው ያው አንድ ትውልድ ነው። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ ተመሠረተ፤ ኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ። ሁለቱም ማርክሲስት፣ ሁለቱም የንጉሡ ተቃዋሚ። ደርግ ሲመጣ መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» አለ፤ ኢሕአፓ «ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አለ። በዚህች ልዩነት ሰው ሞተ ቢባል ማን ያምናል?

መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። መስከረም 22 ቀን የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። የመኢሶን ሰዎች የሚቆጥሩት ከዚህች ቀን ነው። ኢሕአፓዎች ደግሞ ቀደም ብለው ከታሰሩና ከተገደሉ ጓዶቻቸው ይጀምራሉ። ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ላይ ደም የሚመስል ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብር ቆጠራው ትርጉም አጥቶ ነበር። ነሐሴ ላይ መኢሶን ራሱ ከደርግ ሸሽቶ ኅቡዕ ገባ። መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደለ።

ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ላይ ፍርድ ቤት መንግሥቱንና ባልደረቦቹን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለ። የልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሥልጣን ግን በደርግና በኢሠፓ ሰዎች ላይ የተወሰነ ስለነበር፣ ጓደኛ በጓደኛው ላይ ስለተኮሰው ጥይት ችሎት አልተሰየመም። ለዚያ የቀረው መጽሐፍ ነው። ክፍሉ ታደሰ በኢሕአፓ በኩል «ያ ትውልድ»ን ጻፈ፤ አንዳርጋቸው አሰግድ በመኢሶን በኩል «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»ን።

የዚያ ዘመን ቋንቋ ራሱ ያስደነግጠናል። ሰው ሲገደል «እርምጃ ተወሰደ» ይባል ነበር። ማን ወሰደ? ግሡ አይናገርም። ድንኳኑ ውስጥም እንዲሁ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ «ተገደለ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተያዘ» ሲሉ ቆዩ። ልንነሳ ስንል የመኢሶኑ «እኔ አንድ ልጅ ጠቁሜያለሁ» አለ፣ ድምፁን ሳያሰማ ማለት ይቻላል። የኢሕአፓው አላየውም፤ ስኒውን አስቀመጠና «አውቃለሁ» አለው።