የቦይለር ሠሪዎች ሕመም ወደ ቤት የገባበት ታሪክ

ከሥራ ጋር የተያያዙ በሽታዎች ጥናት አባት ተብሎ የሚጠራው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ፣ ሂፖክራተስ ሐኪም በሽተኛውን እንዲጠይቅ ባዘዛቸው ጥያቄዎች ላይ አንዲት ጥያቄ ጨምሯል፤ ይኸውም «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1700 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ1713 ተስፋፍቶ በወጣው መጽሐፉ ስለ ቬኒስ መዳብ ቀጥቃጮች ሲጽፍ፣ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያወርዱ በመዋላቸው ጆሯቸው እየደከመ እንደሚሄድና በእርጅናቸው ጊዜ ፈጽሞ መስማት እንደሚሳናቸው አመልክቷል። ምልከታው ትክክለኛ ነበር። ሆኖም ልኬትም ሆነ የአካል ምርመራ አልታከለበትም፤ ለዚህም ሁለት ምዕተ ዓመት ገደማ መጠበቅ ግድ ሆነ።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንፋሎት ኃይል ሲስፋፋ የጩኸቱ መጠን ከመዳብ ቀጥቃጩ መዶሻ እጅግ በለጠ። የቦይለር ብረት የሚጋጠመው በሪቬት በመሆኑ፣ አንዱ ሠራተኛ ከውጭ ሲመታ ሌላው ቦይለሩ ውስጥ ገብቶ ሪቬቱን ደግፎ ይይዛል። ባዶ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን አስገብቶ ከውጭ በመዶሻ የተመታበትን ሰው ማሰብ ነገሩን ይገልጸዋል። በ1886 የግላስጎው የጆሮ ሐኪም ቶማስ ባር አንድ መቶ ቦይለር ሠሪዎችን፣ አንድ መቶ ብረት አቅላጮችንና አንድ መቶ የፖስታ አዳዮችን መረመረ። መሣሪያው የኪስ ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱን ከጆሮ እያራቀ ምቱ የሚሰማበትን ርቀት ይለካል። ከመቶው ቦይለር ሠሪዎች መካከል የመስማት ችሎታው ጤናማ የሆነ አንድ እንኳ አልተገኘም። ባር በዚህ ሳይወሰን በሕዝብ ስብሰባ ላይ ንግግር መስማት ይችሉ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ አብዛኞቹ እንደሚቸገሩ ገለጹ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሰዓቱ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይበልጣል፤ ሕመሙ ሰውን ከማኅበሩ እንዴት እንደሚነጥል ያሳያልና።

ጉዳቱ የት እንደሚደርስ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የጆሮ ሐኪሙ ዮሃን ሃበርማን በ1890 የአንድ የ75 ዓመት አዛውንት ቦይለር ሠሪ ውስጠኛ ጆሮ መርምሮ ውጤቱን አወጣ። ሟቹ የመጣበትን ባቡር ባለመስማቱ ተገጭቶ የሞተ ነበር። በኮክሊያው ታችኛ ጥምዝ ላይ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት ባለ ፀጉር ሕዋሳት ጠፍተው ተገኙ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ጆሮ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በ1920ዎቹ የኤሌክትሪክ ኦዲዮሜትር በክሊኒኮች ሲገባ ደግሞ ጉዳቱ በቅድሚያ በ4000 ኸርዝ አካባቢ እንደ ጎድጓዳ ምልክት እንደሚታይ ተረጋገጠ። ሕጉ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከእርሱ ጋር በሚዋዋሉ ድርጅቶች ውስጥ ጩኸት በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ከ90 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የወሰነው በ1969 ነበር።

ሕጉ ፋብሪካውን ሲያይ ማሽኑ ቀድሞ ከፋብሪካው ወጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሁበርት ሴሲል ቡዝ በ1901 የሠራው የአቧራ መምጠጫ በፈረስ የሚጎተትና መንገድ ላይ ቆሞ ረዥም ቱቦውን በመስኮት የሚያስገባ ነበር፤ ጩኸቱ የአላፊ ፈረሶችን አስደነበረ፤ ክስም አስከተለበት። ማሽኑ እያነሰ ሄዶ ሳሎን ሲገባ ግን ተቃዋሚ አላገኘም፤ ባለቤቱ ራሱ የገዛው ነውና። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው ኩባንያም የእጅ መሰርሰሪያን በ1946 ለቤት ተጠቃሚ በሚመች ዋጋ አቀረበ። መጋዙ፣ ግራይንደሩና የሣር ማጨጃው ተከተሉ። የፋብሪካ ሠራተኛ ተቆጣጣሪና የጆሮ መሸፈኛ ሲኖረው፣ ቅዳሜ በግቢው ቆርቆሮ የሚቆርጠው ያው ሰው አንዱም የለውም።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የተሞከረበት ጊዜ አለ። በ1972 የወጣው የአሜሪካ የጩኸት መቆጣጠሪያ ሕግ ለገበያ በሚቀርቡ ዕቃዎች ላይ የጩኸት መጠን እንዲጻፍ የማስገደድ ሥልጣን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሰጠ። ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤቱ የጩኸት ክፍል በጀት በ1982 ተቋረጠ። ሕጉ አልተሻረም፤ አስፈጻሚ ግን አጣ። በአውሮፓ ኅብረት የአቧራ መምጠጫ የሚያወጣው የድምፅ ኃይል ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የተወሰነው ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል፤ ሁሉም ዕቃ እኩል አይጎዳም። በ1998 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ባወጣው መመሪያ መሠረት 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 75 ዴሲቤል አካባቢ የሚደርሰው የአቧራ መምጠጫ ያሰለች ይሆናል እንጂ ጆሮ አያጠፋም። 100 ዴሲቤል የሚደርሰው የኤሌክትሪክ መጋዝ ግን የቀኑን ድርሻ በ15 ደቂቃ ይጨርሳል። በአገራችን የእንጨትና የብረት ሥራ ብዙውን ጊዜ በመኖሪያ ግቢና በመንገድ ዳር ቤቶች ስለሚከናወን፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ የጎረቤትን ሥራም መጠየቅ ያስፈልጋል። ታካሚው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ እንደሚሠራ ከነገረን ጥጥ ጩኸትን እምብዛም እንደማይከለክል ልናስረዳው ይገባል። የስፖንጅ መድፈኛም በጣት ተጠቅልሎ፣ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ ካልገባና እስኪያብጥ ካልተያዘ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ከጩኸት በኋላ ጆሮ ለሰዓታት ደንዝዞ በማግስቱ ሲመለስ ሐኪሞች ለረዥም ዘመን «ዳነ» ይሉ ነበር። በ2009 ሻሮን ኩጃዋና ቻርልስ ሊበርማን በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የመስማት ልኬቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላም ባለ ፀጉር ሕዋሳቱን ከነርቩ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ብዙዎቹ ጠፍተው መቅረታቸውን አሳዩ። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ጥናቱ ቀጥሏል፤ ኦዲዮግራሙ ጤናማ ሆኖ ሳለ «ድምፅ እሰማለሁ፣ ሰው ሲበዛ ግን ቃሉ አይለይልኝም» የሚል ታካሚ ግን ዛሬም ወደ ክሊኒካችን ይመጣል።