የስደተኞች የኳስ ማኅበራት በአዲስ አበባ

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በባዕድ ምድር ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚያቆማቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ የሚጸልይበትን ቤት ይሠራል፤ ቀጥሎ ልጆቹ ቋንቋቸውን እንዳይረሱ ትምህርት ቤት ይከፍታል፤ ሦስተኛም የአገሩ ልጆች የሚሰበሰቡበትን ማኅበር ያቋቁማል። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን በእነዚህ ላይ አራተኛ ነገር ተጨመረ፤ እርሱም የእግር ኳስ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ የሚኖሩ ሰርቦች «የሰርቢያ ነጫጭ ንስሮች» የተባለውን ክለብ የመሠረቱት በዚሁ ልማድ ነው። ስሙም የአገራቸውን ዓርማ ነጭ ንስር የሚያስታውስ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህን ልማድ ፍሬ ለመመርመር ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልገንም። የእኛም ዋና ከተማ የስደተኞች የኳስ ማኅበራት የተወዳደሩባት ከተማ ነበረች።

አርመኖችና ግሪኮች ወደ አዲስ አበባ የመጡት በንግድና በእጅ ጥበብ ነው። ከቱርክ እልቂት የተረፉ አርባ የአርመን የሙት ልጆችም እ.ኤ.አ. በ1924 በራስ ተፈሪ ፈቃድ ከኢየሩሳሌም መጥተው የነሐስ ሙዚቃ ተጫዋቾች ሆነዋል። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። እንግዲህ ስደተኛው በአስተናጋጁ አገር ታሪክ ውስጥ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ከኳሱ በፊት ሙዚቃው አስመስክሯል።

በኳስ በኩል የመጀመሪያው ታላቅ ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ይህ ማኅበር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአራዳ ሠፈር ሲመሠረት የኢጣልያ ጦር ድንበራችንን ጥሶ ከገባ ገና ወራት መሆኑ ነበር። መሥራቾቹም አየለ አትናሽ የተባሉ ኢትዮጵያዊና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ የግሪክ ተወላጅ ነበሩ። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበል፤ የኢትዮጵያውያን ኩራት ሆኖ የኖረው ክለብ ከመነሻው የአገር ልጅና የስደተኛ ልጅ በአንድነት ያቆሙት ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የፋሺስት መንግሥት ነጭና ጥቁርን በሕግ እየለየ በመኖሪያም በመገናኛም አጥር አበጀ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙ ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶች ምልክት መጠሪያ ነው። የአንድ ሠፈር ወጣቶች ቡድን ስም እንኳ ለገዢው አሳሳቢ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ የስፖርት ሥራ መልክ መያዝ ጀመረ። የቅዱስ ጊዮርጊሱ ተጫዋች አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1944ም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተደረገ። የተወዳደሩት ቡድኖች አምስት ነበሩ፤ ይኸውም የኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖች ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። አሸናፊው የእንግሊዞቹ ቡድን ሆነ።

ከውጤቱ ይልቅ ግን የስሞቹ ዝርዝር ያስደንቃል። ነፃነት ከተመለሰ ገና ሦስት ዓመት ሲሆነው ኢትዮጵያውያንና ኢጣልያኖች በአንድ ውድድር፣ በአንድ ሕግና በአንድ ፊሽካ ሥር ቆሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማቸው በተመለሱ ዕለት ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ ብለው ነበር፤ አደራው በሜዳ ላይ ሲፈጸም ይህን ይመስላል።

ከዚያ ወዲያ የአምስቱ ዕጣ ተለያየ። የእንግሊዝ ሚሲዮን ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ቡድኑም አብሮ ቀረ። የሻምፒዮናውም መድረክ የጦር ሠራዊት፣ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ቡድኖች፣ እንዲሁም የአሥመራና የድሬዳዋ ክለቦች ሆነ። በ1960ዎቹ ዓመታት ከአንድ ሺህ በላይ ይደርሱ እንደ ነበር የሚነገርላቸው አርመኖች ከ1966ቱ አብዮትና ንብረት ከመወረሱ በኋላ ተበትነው ቁጥራቸው ወደ መቶ ዝቅ አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን እስከ ዛሬ አለ።

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዘር የተቆጠረ ማኅበር ዕድሜው በማኅበረሰቡ ልደትና ስደት ይወሰናል፤ ልጆቹ ሲሄዱ የሚተካ የለውም። በሠፈር ላይ የቆመ ማኅበር ግን አንዱ ሲሄድ ሌላው ይገባበታል። ቢሆንም አራራትንና ኦሎምፒያኮስን ማሳነስ አይገባም። ስደተኛውን ከብቸኝነት አድነዋል፤ ለአገሬውም ቡድን ተፎካካሪ ሆነዋል፤ ያለ ተፎካካሪ ደግሞ ጨዋታ የለም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። አባታቸው ኢጣልያዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። እርሳቸው አንድ ግብ፣ ወንድማቸው ኢታሎም አንድ ግብ አስቆጥረዋል። ቡድኑን ካሠለጠኑት መካከልም ከአቶ ይድነቃቸው ጋር ዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሼቪች ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 በየወገኑ ተለይቶ የተሰለፈው ደም በ18 ዓመት ውስጥ በአንድ መለያ ተሰለፈ ማለት ነው። ነገር ግን ታሪክ ሁሉ በደስታ አይፈጸምም፤ ዋንጫውን የተቀበሉት አምበል በደርግ ዘመን አገር ጥለው ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም በኢጣልያ አረፉ።

ዛሬ ዕጣው ተገላብጧል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁመው በየዓመቱ በኳስ ይገናኛሉ። ትናንት አርመኑ በአዲስ አበባ ያደረገውን ዛሬ ኢትዮጵያዊው በባዕድ ከተማ ያደርገዋል። እንግዲህ የእንግዳን ማኅበር በምን ዓይን ማየት እንደሚገባን ከራሳችን ልጆች ኑሮ ልንማር እንችላለን።

ነገሩ ለዋና ከተማ ብቻ አይደለም። የቡና ንግድ ከየአቅጣጫው ሰው የሰበሰበባት ዲላም፣ ሌሎችም የገበያ ከተሞች በየሜዳቸው ይኸው ጥያቄ አለባቸው። ልጆችን በቡድን የሚከፍል መምህርና ሜዳ የሚመድብ ሹም ወጣቱን በትውልዱ ይለየዋልን ወይስ በሠፈሩና በትምህርት ቤቱ ያሰልፈዋል? በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተገናኙት ሁለት ሰዎች መልሱን ሰጥተዋል።