መስከረም 13 እና የደርግ መልስ

መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. የወታደራዊው መንግሥት የደርግ ምክትል ሊቀመንበር ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባ ላይ ከተቃጣበት የግድያ ሙከራ ቆስሎ ተረፈ። ደርግ ጉዳዩን ተኳሾቹ የሚጠየቁበት ወንጀል አድርጎ አልያዘውም፤ የአብዮትና የፀረ አብዮት ፍልሚያ አደረገው እንጂ። በዚህ አያያዝ ሙከራውን አድርጓል የተባለው ተቃዋሚ ፓርቲ የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) አባል ነው የተባለ ወጣት ሁሉ ጠላት ሆነ። ጥር 26 የደርግ ሊቀመንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሳይቀሩ የኢሕአፓ ተባባሪ ተብለው ተገደሉ፤ ሚያዝያ 9 ደግሞ መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ለፀረ አብዮተኞች እየዛተ ደም መሰል ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ከሰከሰ።

ኢሕአፓም የደርግና የቀበሌ ሹማምንትን ገድሏል የሚለው ሙግት እውነት ነው። ያ ግን ገዳዩን ለፍርድ ማቅረብን እንጂ፣ በጥርጣሬ የተያዙ ልጆችን ገድሎ አስከሬናቸውን መንገድ ላይ መጣልን አይፈቅድም። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎታል።