ኮምፕዩተር በሌለበት ክፍል የተሰጠ የኮምፕዩተር ትምህርት

የኮምፕዩተር ዕውቀት ለወጣቶች ይዳረስ ሲባል በቅድሚያ የሚነሣው ችግር የመሣሪያው እጥረት ነው። መሣሪያው ሳይኖር ትምህርቱ ሊሰጥ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን አዲስ አይደለም፤ በሶቪየት ኅብረት በአገር አቀፍ ደረጃ ተፈትኖ ነበር።

በኖቮሲቢርስክ ይሠሩ የነበሩት የኮምፕዩተር ሊቅ አንድሬይ የርሾቭ እ.ኤ.አ. በ1981 ሎዛን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ባሰሙት ንግግር፣ ፕሮግራም መንደፍን ሁለተኛው የማንበብና የመጻፍ ችሎታ አድርገው አቀረቡት። የኅትመት መስፋፋት ንባብን የሁሉ ሰው ጉዳይ እንዳደረገ፣ ኮምፕዩተርም ሥራን በቅደም ተከተል አስቦ መንደፍን የሁሉ ጉዳይ ያደርገዋል የሚል ነበር ሐሳባቸው። መንግሥትም ትምህርቱ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1985 ጀምሮ በመላ አገሪቱ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል እንዲሰጥ ደነገገ።

ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች አንድም ኮምፕዩተር አልነበራቸውም። መምህራኑም በአመዛኙ በዕረፍት ወራት አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው የሂሳብና የፊዚክስ አስተማሪዎች ነበሩ። በየርሾቭና በሞናሆቭ መሪነት የተዘጋጀው መማሪያ መጽሐፍ ይህን ችግር አስቀድሞ በመገንዘብ፣ ትእዛዞቹ በሩሲያኛ ቃላት የሚጻፉ የአልጎሪዝም ቋንቋ አቀረበ። ተማሪው ትእዛዞቹን ከጻፈ በኋላ ራሱ በመሣሪያው ቦታ ተተክቶ፣ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ በሠንጠረዥ እየመዘገበ ደረጃ በደረጃ ይፈጽማቸዋል። ለምሳሌ ያህል የ48ንና የ18ን ትልቁን የጋራ አካፋይ ለማግኘት፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ከትልቁ ላይ ትንሹን መቀነስ ነው፦ 30 እና 18፣ 12 እና 18፣ 12 እና 6፣ በመጨረሻም 6 እና 6። ይህን በእጁ የሠራ ወጣት የድግግሞሽን ምንነት አንድም ቁልፍ ሳይነካ ይረዳል።

ከወረቀት አንድ እርምጃ የሚያልፈው ኤሌክትሮኒካ ቤ3-34 የተባለው የኪስ ሂሳብ ማስሊያ ነበር። የሚይዘው 98 ትእዛዝ ብቻ ሲሆን፣ ይኸው ጥበት ራሱ ቁጠባን አስተማረ፤ የሳይንስ መጽሔቶችም ለእርሱ የሚሆኑ ፕሮግራሞችን ለአንባቢዎቻቸው ያትሙ ነበር።

ዘዴው ግን ወሰን ነበረው። ወረቀት እምቢ አይልም፤ አንድ ምልክት የጎደለውን ትእዛዝ መምህሩ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፣ መሣሪያ ግን አያልፍም። ስሕተትን ፈልጎ የማረም ልማድ፣ ማለትም የሙያው ግማሽ፣ በወረቀት ብቻ አይገኝም። ትምህርቱን ተምረው መሣሪያውን ሳይነኩ የወጡት ወጣቶች የጎደላቸው ይኸው ነበር።

የርሾቭ እ.ኤ.አ. በ1988 ዐረፉ። በወረቀት የተጀመረው ቋንቋ ግን በኋላ በኮምፕዩተር ላይ እንዲሠራ ተደርጎ፣ ኩሚር በተባለው ሥርዓት አማካይነት ለሩሲያ ትምህርት ቤቶች አገልግሏል። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው፦ መሣሪያው እስኪመጣ ተብሎ ትምህርት ሊቆም አይገባም፤ ትምህርቱ ተጀምሯል ተብሎም መሣሪያው ሊዘገይ አይገባም።