ከመከራ በፊት የተሰናዳ ርኅራኄ

ሰኔ 18 ቀን 1851 ዓ.ም. በሰሜን ጣልያን፥ ሶልፈሪኖ በተባለው ቀበሌ፥ የፈረንሳይና የሰርዲንያ ሠራዊት ከኦስትሪያ ሠራዊት ጋራ ከንጋት እስከ ምሽት ሲዋጋ ውሎ፥ ከሁለቱም ወገን ወደ 40 ሺህ የሚሆን ሰው ሞቶ፥ ቆስሎና ደብዛው ጠፍቶ በመሸ ጊዜ፥ ከሞት የተረፈው ቁስለኛ በጋሪና በበቅሎ እየተጫነ ካስቲሊዮኔ ወደምትባለው ታናሽ ከተማ ይጐርፍ ጀመር። ስለ ንግዱ ጉዳይ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለማነጋገር ወደዚያ አገር መጥቶ የነበረው የጄኔቭ ተወላጅ ሄንሪ ዱናንት፥ ሐኪምም ወታደርም ሳይሆን፥ የከተማዪቱን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የሞላውን የሕሙማን ብዛት ባየ ጊዜ የመጣበትን ጉዳይ ትቶ፥ ከአገሬው ሴቶች ጋራ ቁስል ሲያጥብ፥ የተጠማውን ሲያጠጣና የሚሞተው ለወላጆቹ የሚልከውን ቃል ሲቀበል ሰነበተ። ሴቶቹም ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ፥ «ሁሉም ወንድማማች ናቸው» እያሉ ያገለግሉ ነበር።

ዱናንት ስለዚያ ሰሞን ከመሰከረው ሁሉ ይልቅ ልብን የሚያሳዝነው ግን የደም ብዛት አይደለም። በከተማዪቱ ውሃ ነበረ፤ ምግብም ነበረ፤ ለቁስል የሚሆን ጥጥና ጨርቅም አልጠፋም፤ ሆኖም ውሃውን ለተጠማው የሚያደርስ፥ ጨርቁንም በሥርዓት የሚያስር የለመደ እጅ ስላነሰ፥ ሰው በምንጭ አጠገብ በጥም፥ በፋሻም አጠገብ በደም መፍሰስ ይሞት ነበር። እርሱ ሠረገላ ነጂውን ወደ ብሬሽያ ልኮ ሸሚዝ፥ ሰፍነግ፥ ሎሚ፥ ስኳርና ትንባሆ ሳይቀር አስመጣ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ግለት እየበረደ ሲሄድ፥ በርኅራኄ ብቻ ተነሥተው የነበሩት ብዙዎቹ ደክመው ተመለሱ። የእድር ድንኳንና ድስት ሰው ከሞተ በኋላ በሩጫ እንደማይገዛ ሁሉ፥ ቁስል የሚያጥበውም እጅ መከራው ሳይደርስ መሰናዳት እንደሚገባው ዱናንት በዚያ የተማረ ይመስለኛል።

ይህንም ትምህርት በ1855 ዓ.ም. ባሳተመው «የሶልፈሪኖ ትዝታ» በተባለው መጽሐፉ ለአውሮፓ ነገሥታትና ሕዝብ አቀረበ፤ ልመናውም በሰላሙ ዘመን፥ ሁሉ ጸጥ ባለበት ጊዜ፥ በየሀገሩ ማኅበር ቆሞ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ሥራውን አስቀድመው እንዲማሩ ነበር። በዚያው ዓመት እርሱና አራት የጄኔቭ ሰዎች ጉባኤ አቆሙ፤ በነሐሴ 1856 ዓ.ም. የጄኔቭ ውል ተፈረመ፥ በነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀልም የሕሙማንና የአስታማሚዎቻቸው መጠበቂያ ምልክት ሆነ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሰንደቅ ዓላማውን ነው፤ እኔ ግን «በሰላሙ ዘመን» የሚለው አሳብ ከሰንደቅ ዓላማው ይበልጣል እላለሁ።

ለኢትዮጵያ ያ የሰላም ዘመን አልተሰጣትም። ከጣልያን ጋራ የተደረገው የወልወል ግጭት በኅዳር 1927 ዓ.ም. ደርሶ የጦርነቱ ደመና ከከበደ በኋላ፥ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የጣልያን ጦር የመረብን ወንዝ የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነውና፥ ሌሎች መንግሥታት በሰባ ዓመት ያደራጁትን ሥራ ኢትዮጵያውያን ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማሰናዳት ግድ ሆነባቸው። ዶክተር ላምቢ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ሐኪምና መድኃኒት ሲያሰባስብ፥ በአዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይና ሌሎች ወይዛዝርት ፋሻ በመቁረጥና ከመርዝ ጢስ የሚከላከል ጭንብል በመስፋት ይደክሙ ነበር። ከስዊድን፥ ከኖርዌይ፥ ከእንግሊዝ፥ ከሆላንድ፥ ከፊንላንድና ከግብፅም የሕክምና ጓዶች መጡ።

የሆነውን ታሪክ ያውቀዋል። ኅዳር 26 ቀን ደሴ፥ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ሳይቀር፥ በአይሮፕላን ተደበደበች፤ ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድኖች ሰፈር በቦምብ ተመትቶ ብዙ ሕሙማንና ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊ ሞቱ፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ በኮረም አጠገብ የእንግሊዞች ጓድ ተራው ደረሰው። ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ተልኮ የመጣው ዶክተር ጁኖድ የዚያ ጊዜ መከራ ምስክር ነው። ባዶ እግሩን በሚዘምተው ሠራዊት ላይ የዘነበው የሚያቃጥል መርዝ፥ የሠለጠነውን ሐኪም እንኳ ያስጨነቀ ሲሆን፥ ትናንት የተመለመለውን ቃሬዛ ተሸካሚ ምን ያህል እንዳስጨነቀው ማሰብ ይበቃል። የእንግሊዞቹ ጓድ አለቃ ዶክተር ሜሊም ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ሲል በተነሣው ሁከት ውስጥ የቆሰሉትን ሲያነሣ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ከዚያ ዘመን ሰዎች የልዕልት ፀሐይን መንገድ ለይቼ አከብራለሁ፤ በመልካም ፈቃድ ብቻ ፋሻ ስትቆርጥ የነበረችው ወጣት፥ በስደት ሳለች በለንደን ታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ፥ እንደ ማንኛዪቱም ተማሪ የአስታማሚነትን ሙያ ተምራ በ1931 ዓ.ም. ፈጸመች። ወደ ሀገሯ ከተመለሰች በኋላ ግን ዕድሜዋ አልረዘመም፤ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፈች፥ በአዲስ አበባም ሆስፒታል በስሟ ተሠራላት።

ቀይ መስቀልም ከነጻነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. በቻርተር እንደ ገና ጸና። የመጀመሪያው ማኅበር በቁስለኛው ሥጋ ላይ ሊማረው የተገደደውን ሥራ፥ ማለት ደም ማቆምን፥ የተሰበረ አጥንት ማሰርንና ቃሬዛ ማንሣትን፥ ይህኛው ወጣቶቹን በሰላም ቀን፥ በጤናማ ባልንጀራቸው ላይ ሊያስለምድ ቻለ።