የጎልደን ጌት ድልድይ ፀረ ዝገት ቀለም

የብረት ሥራ ዕድሜ የሚወሰነው በላይኛው ቀለም ውበት ሳይሆን፣ ከሥር በሚቀባው ፀረ ዝገት ቀለም ነው። ለዚህም በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የጎልደን ጌት ድልድይ ታሪክ ምስክር ነው።

ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲከፈት ብረቱ በቅድሚያ የተቀባው ከእርሳስ ኦክሳይድ በተሠራ ቀይ ቀለም ነበር። ይህ ቀለም በዘመኑ እጅግ የታመነ ቢሆንም፣ ጨው ያዘለው የባሕር ጉም ዝገቱን እያስፋፋ ሄደ። ስለሆነም በ1960ዎቹ አሮጌው ቀለም እየተፋቀ በዚንክ ሲሊኬት መተካት ተጀመረ፤ ሥራው የተፈጸመውም በ1995 ነው።

እርሳስ ብረቱን ቢጠብቅም ቀቢውንና ፋቂውን ይመርዛል። ዚንክ ግን ቀለሙ ቢጫር እንኳ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል፤ ይኸውም በአሸዋ ርጭት በሚገባ በጸዳ ብረት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መራጩ መሐንዲስ ከዋጋው ባሻገር የቦታውን አየር፣ የብረቱን ጽዳትና የሠራተኛውን ጤና አብሮ ሊመዝን ይገባዋል።